ራሽኑን የሚጋራው ትል

በሠፈራ ቦታ አፈር ስለሚተላለፉ የአንጀት ትላትል ለዕርዳታና ለሠፈራ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



እ.ኤ.አ. በ1899 ኦገስት 8 ቀን ፖርቶ ሪኮ በምትባለው የካሪቢያን ደሴት ላይ ብርቱ አውሎ ነፋስ ወረደ። ከሦስት ሺህ በላይ ሰው አለቀ፤ የቡናው እርሻ ወደመ፤ ቤት ንብረቱን ያጣው ገበሬም ከተራራው እየወረደ ፖንሴ በምትባለው ከተማ ተሰበሰበ። በዚያ ቤይሊ አሽፎርድ የሚባል ወጣት የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነበር። ያያቸው ተፈናቃዮች ፊታቸው የገረጣ፣ እግራቸው ያበጠ፣ ጥቂት ርምጃ በተራመዱ ቁጥር ትንፋሽ የሚያጥራቸው ነበሩ። ሐኪሙም በመጀመሪያ ማንኛውም የዕርዳታ ሠራተኛ የሚያስበውን አሰበ፤ ይህ የረኃብ ጉዳት ነው፣ መድኃኒቱም ምግብ ነው አለ። በቂ ምግብ ተሰጣቸው። ብዙዎቹ ግን አላገገሙም፤ ሞቱም አልቆመም። በኖቬምበር ወር ከአንዱ በሽተኛ ሰገራ ጥቂት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ቢመለከት የትል እንቁላል አገኘ። ሕዝቡን የጨረሰው ረኃብ ብቻ አልነበረም፤ በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደሙን የሚመጥ ትል ነበር።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ በደሴቲቱ ይህንኑ የደም ማነስ የሚዋጋ ኮሚሽን ተቋቁሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሕዝብ ታይሞል በሚባለው የዘመኑ መድኃኒት ታከመ። የሞቱም ቁጥር እጅግ ቀነሰ።

ታሪኩ የሩቅ አገር ይሁን እንጂ ለዕርዳታ ሠራተኛ የሚነግረው ነገር ቅርብ ነው። በኩንታል ተቆጥሮ፣ ተጭኖ፣ ተራግፎ፣ በስም ጥሪ ታድሎ ወደ ሠፋሪው ጎጆ የገባ እህል ሁሉ የሠፋሪው ሥጋና ደም አይሆንም። ከፊሉን በመዝገብ ያልሰፈረ ሌላ ተካፋይ ይወስደዋል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ተብሎ ሲመደብ ይህ ተካፋይ በስሌቱ ውስጥ አይገባም።

በአፈር አማካይነት ከሚተላለፉት የአንጀት ትላትል ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ወስፋት ነው። ሁለተኛው ቅርጹ ጅራፍ ስለሚመስል የጅራፍ ትል ይባላል። ሦስተኛው ጤና ሠራተኞች ሁክወርም፣ አንዳንድ መጻሕፍት ደግሞ የመንጠቆ ትል የሚሉት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በነዚህ ትላትል የተያዘውን ሕዝብ 1.5 ቢሊዮን ያህል አድርጎ ይገምተዋል። የዚህ ንግግር ትኩረት በይበልጥ በሁክወርም ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከሦስቱ ደም በማፍሰስ የሚታወቀው፣ ለሠፈራውም ሥራ የከፋው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኮሶ ጥቂት ማለት ይገባል። ትል ሲባል የኢትዮጵያ ገበሬ አስቀድሞ የሚያስበው የኮሶን ትል ነው፤ ኮሶ ጠጥቶ የታጠበ ሰውም ከትል ሁሉ እንደጸዳ ይቆጥራል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የኮሶ ትል የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ነው፤ ለእርሱ የሚጠጣውም ኮሶ ሁክወርምን ያስወጣል ተብሎ የሚታመንበት መድኃኒት አይደለም። ቢሆንም የኮሶ ትል ራሱ ከአፈሩ ጉዳይ ፈጽሞ የራቀ አይደለም፤ ከብቱ ትሉን የሚያገኘው ሰው ከተጸዳዳበት የግጦሽ ሣር ነውና።

የሁክወርም እንቁላል ከዐይነ ምድር ጋር ወጥቶ ሙቀት፣ ርጥበትና ጥላ ባለው አፈር ላይ ሲወድቅ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። እጩም ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አድጎ የሰው ቆዳ ለመብሳት ይደርሳል፤ ከዚያም ሁኔታው ከተመቸው ሦስትና አራት ሳምንት ያህል በአፈሩ ላይ እየጠበቀ ይቆያል። ባዶ እግር ሲያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በጣቶች መካከል በስቶ ይገባል፤ በዚያ ቦታ የሚያሳክክ ሽፍታ ይወጣል፤ ገበሬው ግን ጭቃ በላኝ ብሎ ያልፈዋል። እጩ በደም ተጉዞ ከሳንባ፣ ከሳንባም ወደ ጉሮሮ ወጥቶ ሲዋጥ ከአንጀት ይደርሳል። ወስፋት ግን የሚገባው በአፍ ነው። እንቁላሉ ትኩስ ሳለ ማንንም አያስይዝም፤ በአፈር ውስጥ ሁለትና ሦስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት ሳይሞት ሊኖር ይችላል። አንዲት የወስፋት እንስት በቀን 200,000 ያህል እንቁላል የምትጥል መሆኗን ያሰበ ሰው አንድ ሕፃን አንድን ግቢ በምን ያህል ጊዜ ሊያበላሽ እንደሚችል መገመት አያቅተውም።

ከነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የሠፈራ ዕቅድ አውጪ በልቡ ሊይዘው የሚገባው አምስት ቀን የሚለው ነው። ሰው ከመኪና ወርዶ ርጥብ ቦታ ላይ ከተጸዳዳ በኋላ አፈሩ ለባዶ እግር አደገኛ እስኪሆን ድረስ ያለው ጊዜ ከአንድ ሳምንት ላይበልጥ ይችላል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ቁፋሮ በሁለተኛው ወር ወይም ከመጀመሪያው አዝመራ በኋላ ይከናወናል የሚል ዕቅድ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ዘግይቷል።

ትሉ ከሰው ጋር እንደሚጓዝ የታወቀው ከአሽፎርድ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1882 በስዊዘርላንድ የጎትሃርድ ተራራ ሲሸነቆር አያሌ ሠራተኞች፣ ይልቁንም ከኢጣሊያ የመጡት፣ ደማቸው እያለቀ ወደቁ። በ1880 ፔሮንቺቶ የተባለ የኢጣሊያ ሊቅ ምክንያቱ ይኸው ትል መሆኑን አስታወቀ። በዋሻው ውስጥ ሙቀት፣ ውሃና ጭቃ ነበር፤ መጸዳጃ ግን አልነበረም። ከውጭ ያለው ብርድ ትሉን አያኖረውም ነበር፤ ሰው በሰው እጅ የሞቀ ቦታ ሠርቶ፣ ትሉንም በሆዱ ይዞ ገባ።

በኢትዮጵያ ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሕዝብ ወደ ምዕራቡና ወደ ደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ሲዛወር፣ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ሠፈራም በየክልሉ ብዙ ቤተሰብ ሲነሣ፣ የጉዞው አቅጣጫ በአብዛኛው ከተራቆተው ወደ ለመለመው፣ ከደጋው ወደ ሞቃቱ ቦታ ነበር። የሄደው ሰው ከአገሩ ወስፋት ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ሁክወርምን ግን ደረቅና ቀዝቃዛ አፈር አያስማማውም። ስለሆነም በድርቅ የተጎዳ፣ ደሙ አስቀድሞ የሳሳ ሰው፣ የማያውቀው ትል ወደሚስማማው አፈር ወረደ ማለት ነው። ለም መሬት የተባለው ሙቀትና ርጥበት ያለው መሬት ነው፤ እነዚሁ ሁለቱ ለበቆሎውም ለእጩም ይመቻሉ። ቦታውም ባዶ አልነበረም፤ በመተከል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ አኙዋክ ይኖርበት ነበር። ስለዚህ በሽታውን ማን ለማን አመጣው የሚለው ክርክር ጥቅም የለውም፤ ነባሩም ሠፋሪውም አንድ ጅረት ተሻግረው አንድ ጭቃ ይረግጣሉ፤ ለአንዱ ታድሎ ለሌላው የተነፈገ ክኒንም ሥራው ግማሽ ነው።

በነዚያ ዓመታት ከሁሉ ቀድሞ የተፈራው ወባ ነበር፤ መፈራቱም ተገቢ ነው፤ ፈጥኖ ይገድላልና። ነገር ግን ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ሲያፈርስ ሁክወርም ደሙን ራሱን ያፈሳል፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የሚወድቀውን ሰው በወባ ብቻ መመዝገብ የተለመደ ስሕተት ነው።

ደሙ ምን ያህል ነው? የሁክወርም ዓይነቶች በይበልጥ ሁለት ናቸው። ኔካቶር የሚባለው አንዱ ትል በቀን 0.03 ሚሊሊትር ያህል፣ አንኪሎስቶማ የሚባለው ደግሞ እስከ 0.2 ሚሊሊትር ያህል ደም ያስወጣል። ኢምንት ይመስላል። መቶ ኔካቶር የያዘ ሰው በወር 90 ሚሊሊትር ያህል፣ መቶ አንኪሎስቶማ የያዘ ሰው ግን እስከ 600 ሚሊሊትር ያህል ያጣል። ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ የሚቀምስ፣ በእህልና በሽሮ የሚኖር ሰው ይህን በምን ይተካል? ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ለፅንሱ የሚሄደውም አለ፤ በወሊድ ጊዜ ሌላዋ የማትጎዳበት የደም መፍሰስ ለእርሷ የሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ እርሻው እንመልከት። አረም የሚታረመው በሐምሌና በነሐሴ፣ በዝናብ፣ በባዶ እግርና በባዶ እጅ፣ አንዳንዴም በጉልበት ተንበርክኮ ነው። በዚያ ጊዜ በቆዳ የገባው እጭ አድጎ እንቁላል እስኪጥል አምስት፣ ሰባትና ከዚያ በላይ ሳምንት ይፈጃል። እንግዲህ የሐምሌው ጭቃ በደም የሚከፈለው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ጉዳቱም ጎልቶ የሚታየው ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ ነው። በዚህ ጊዜ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የተገኘ ሠፋሪ በሪፖርት እንዴት ይጻፋል? የሥራ ፍላጎት የሌለው፣ ዕርዳታ የለመደ፣ ጥገኛ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ይህ ፍርድ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ስታይልስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1902 በአሜሪካ ደቡብ ድኻ ገበሬዎች ላይ ሁክወርም በሰፊው መኖሩን ሲያስታውቅ ጋዜጦች ትሉን የስንፍና ጀርም ብለው ጠሩት። ቀልድ ነበር፤ ይሁን እንጂ እውነት ነበረበት። ሰነፍ ሲባሉ የኖሩት ሰዎች ደም ያነሳቸው ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1914 በሮክፌለር ገንዘብ የተካሄደው ዘመቻ ከመረመራቸው የዚያ አካባቢ ልጆች 40 በመቶ ያህሉን በትሉ ተይዘው አገኛቸው። ስለዚህ ስለ ሠፋሪ ስንፍና የሚጽፍ ሹም አስቀድሞ የዐይኑን ሽፋን ገልጦ ቢያይ፣ ምላሱንና መዳፉን ቢመለከት መልካም ነው።

መድኃኒቱ እንደ ታይሞል ዘመን አስቸጋሪ አይደለም። 400 ሚሊግራም አልቤንዳዞል ወይም 500 ሚሊግራም ሜቤንዳዞል አንድ ጊዜ መዋጥ በቂ ሆኖ ይሠራበታል፤ ለሁክወርም አልቤንዳዞሉ ይሻላል፤ የጅራፍ ትልን ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ብዙ አያሸንፉትም። ኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. በትምህርት ቤቶች አማካይነት አገር አቀፍ የትል መድኃኒት ዕደላ ጀምራለች፤ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም አንድ ጉድለት አለበት። ወስፋትና የጅራፍ ትል የሚበዙት በልጆች ላይ ነው፤ ሁክወርም ግን ከዕድሜ ጋር እየጨመረ ይሄዳል፤ ከባዱን ሸክም የሚሸከሙት አራሹ፣ አራሚዋና እናቲቱ ናቸው። ትምህርት ቤት የሚሰጥ ክኒን ደግሞ እነርሱን አያገኝም። በኬንያ ክዋሌ አውራጃ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ሕዝቡን በሙሉ ማከም ተማሪዎችን ብቻ ከማከም ይልቅ ሁክወርምን አብልጦ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሠፈራ ጣቢያ ለዚህ ከማንኛውም ቦታ ይመቻል፤ ራሽን በሚታደልበት ቀን አዋቂው ሁሉ በስሙ ተጠርቶ ይቀርባልና።

ግን ክኒን ሰውን ያጸዳል እንጂ አፈርን አያጸዳም። ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን አጣምሮ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ ከሕክምና በኋላ በ12 ወር ውስጥ የወስፋት ስርጭት ከቀድሞው ዘጠኝ ዐሥረኛ በላይ፣ የሁክወርም ደግሞ ከግማሽ በላይ ተመልሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ከመጸዳጃው ጉዳይ መሸሽ አይቻልም።

መጸዳጃን በሚመለከት በየጣቢያው የሚታየው ችግር የትእዛዝ ማነስ አይደለም፤ ቁጥሩም ይታወቃል። በድንገተኛው ጊዜ ለ50 ሰው አንድ፣ ቆይቶም ለ20 ሰው አንድ ጉድጓድ፣ ከውሃ መቅጃው 30 ሜትር የራቀ፣ ታቹም ከከርሰ ምድር ውሃው 1.5 ሜትር ከፍ ያለ ይሁን ይባላል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ከሆነ በበጋ ተሰንጥቆ በክረምት አብጦ የጉድጓዱን ግድግዳ ይንደዋል፤ አንድ ጊዜ አፉ የተደረመሰበትን መጸዳጃ ያየች እናት ልጇን ዳግመኛ አትልክም፤ ልክም ናት። በእንዲህ ያለ ቦታ አፉን በእንጨት ርብራብ ወይም በድንጋይ መደገፍ የቅንጦት ሥራ ተደርጎ መታየት የለበትም። ወለሉ በጭቃ ተለስኖ የማይጠረግ፣ ሁልጊዜም የረጠበ ከሆነ ደግሞ መጸዳጃው ራሱ የእጭ ማሳደጊያ ይሆናል፤ ሁሉም ባዶ እግሩን የሚያሳርፈው በዚያው ስፍራ ነውና እንዲያውም ከሜዳው ሊብስ ይችላል።

ሌላም አለ። ሠፈራ ሲመሠረት ደኑ ይመነጠራል። ቀድሞ ሰው በየፊናው ይበተንበት የነበረው ቁጥቋጦ ሲያልቅ የቀረችው ጥቂት ጥላ፣ የወንዙ ዳርና የማንጎው ሥር፣ የሁሉም መጸዳጃ ትሆናለች። ፀሐይ የመታው ደረቅ ሜዳ እጩን ይገድለዋል፤ ጥላው ግን ያኖረዋል። በፖርቶ ሪኮም ሕመሙ የበረታው በቡናው ጥላ ሥር ነበር። እርሻው ከመንደሩ ሲርቅም ቤት ያለው ጉድጓድ ለአራሹ አይጠቅምም፤ አንድ ሰው ለዚህ ብሎ ግማሽ ሰዓት አይመለስም። በማሳዎች ዳር የጋራ ጉድጓድ መቆፈር በጣቢያ ዕቅድ ውስጥ እምብዛም የማይታሰብ ነገር ነው። በዶማ ቆንጥሮ አፈር መመለስ ከሜዳው ይሻላል፤ ጥልቀት ከሌለው ግን እጩ ወደ ላይ ከመውጣት አያግደውም።

የሕፃን ዐይነ ምድር ንጹሕ ነው የሚለው እምነት ደግሞ በብዙ ቤት አለ። ከግቢው ጥግ ይጣላል፤ ውሻ ይልሰዋል፤ ዝናብ ወደ ጎመኑ መደብ ይወስደዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ወስፋት በብዛት የሚሸከሙት ልጆች ናቸው። በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንድ ነገር ብቻ የማስተማር ዕድል ቢኖራቸው ይህን ቢያስቀድሙ ያስመሰግናቸዋል።

ስለ ጫማ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጫማ ይረዳል፤ ግን ገበሬው ጫማውን የሚያደርገው ገበያና ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ነው፤ ለእርሻ ያወልቀዋል። በረባሶ ከእሾህ ያድናል፤ ከላይ የሚፈስሰውን ጭቃ ግን አያስቀርም።

ሪፖርት ለሚቀበሉ ሹማምንት አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። የሰገራ ምርመራው ካቶ ካትዝ በሚባለው ዘዴ ከሆነ የሁክወርም እንቁላል በመስታወቱ ላይ ብዙ አይቆይም፤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ካልታየ እየጠፋ ይሄዳል። ናሙናው ጠዋት ጣቢያ ላይ ተዘጋጅቶ ከሰዓት በኋላ ወረዳው ከተማ የሚነበብ ከሆነ ወስፋቱ ይቆጠራል፤ ሁክወርሙ ግን የለም ተብሎ ይጻፋል። ጣቢያው ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት ሲመጣ መስታወቱ በስንት ሰዓት ተነበበ ብሎ መጠየቅ የተቀባዩ ድርሻ ነው።

የክኒኑ ጊዜም ቢታሰብበት ይሻላል። በዓመት አንድ ዙር ብቻ የሚቻል ከሆነ ዕደላውን ለበጀት ዓመቱ ማለቂያ ለሰኔ ከማድረግ ይልቅ በጥቅምት መባቻ ማድረግ ሚዛን ይደፋል፤ በአረም ጊዜ የገባው እጭ በዚያን ጊዜ አንጀት ደርሶ መድኃኒቱ ያገኘዋል፤ አጫጁም ለኅዳር ጥቂት ደም ይቆጥባል። ሁለት ዙር ከተቻለ ሁለተኛው ከዝናቡ በፊት ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ላሉ ሴቶች አይሰጥም፤ ከዚያ በኋላ ግን ይሰጣል፤ ስለዚህ የሚያድለው ሰው ሴት ቢሆን ለመጠየቅ ይቀላል። በረኃብ ክፉኛ ለተጎዳ ሕፃን በመመገቢያ ጣቢያ መጀመሪያ ቀን ሳይሆን ከተረጋጋ በኋላ ይሰጠዋል። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ዓመት ከሞላው በኋላ ግማሹን አልቤንዳዞል ይወስዳል፤ ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ሁሉም ክኒኑ ተፈጭቶ በውሃ ይሰጣል፤ አፍንጫ ይዞ በግድ ማስዋጥ ልጁን ሊያንቅ ስለሚችል ፈጽሞ አይፈቀድም።